ባለሁለት ድንጋይዋ ካሜራ

«ወንድም፣ ድንጋይዎን ለአምስት ደቂቃ ያውሱኝ።»

ከይመር ጋር የተዋወቅነው በዚህች ልመና ነው። ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት፣ መብራት በፈረቃ የሆነበት ሰሞን ነበር። ዛሬ የበራ ሰፈር ነገ ይጨልማል። ሰው ሁሉ ሻማና የባትሪ ድንጋይ ይገዛል። እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ለሬዲዮኔ አራት ድንጋይ ልገዛ ብዬ ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ አልኩ። ድንጋዮቹን ተቀብዬ መልሴን ስጠብቅ ነው እንግዲህ አጠገቤ የቆመው ሰው እጄን አይቶ የለመነኝ። ትከሻው የበር ያህል ሰፊ ነው፤ ወገቡ ላይ ግን ሰበር ብሏል። አንገቱ ላይ ማንጠልጠያው የተላጠ የፊልም ካሜራ አለ። ፊት ለፊቱ፣ ባንኮኒው ላይ፣ ሁለት ዲጂታል ካሜራዎች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ቀጭን ብርማ፣ አንዷ ወፍራም ጥቁር።

«ለምንዎ ነው?» አልኩት።

«ይቺ ጥቁሯ የምትሠራው በሁለት ድንጋይ ነው። ባለሱቋ ደግሞ ሳትገዛ ድንጋይ አልፈታልህም አለች።»

«እኔ ድንጋይ ሻጭ ነኝ እንጂ አዳይ ነኝ እንዴ ጋሼ?» አለች ባለሱቋ። ማሂራ ትባላለች፤ ሻርፗን ወደ ኋላ የጠመጠመች፣ መልስ የማይጠፋት የስልጤ ልጅ። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነዎት እኮ! ሰው በዚህ ሰዓት ሚስት መርጦ ያገባል።»

«ሚስት ስመርጥም እንዲሁ ነበርኩ። እስካሁን አልተጣላንም።»

ሳቅሁና ሁለቱን ድንጋይ ሰጠሁት። አስገብቶ ከፈታት። መስታወቷ በራ። እሱ ግን መስታወቷን ከማየት ይልቅ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋት ጀመር። ፊቱ ጨለመ።

«ከበደችኝ።»

«ይሄን ትከሻ ይዘው?» አልኩት።

ከኪሱ የቁልፍ ማንጠልጠያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ቋ አደረገው። ከቁልፎቹ መሀል አውራ ጣት የምታህል የተቆረጠች ብረት ታስራለች። «ከባድ ካሜራ የገዛሁ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ያገኘሁት ይሄን ነው» አለ። «ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ሳይ ሆዴ ይፈራል። ግን ዛሬ በሆዴ አልገዛም። አውጥቼ እሞክራለሁ። እህል በረንዳ ወስጄ፣ በሥራ ቦታዬ።»

«አዎ! ሁለት ካሜራ ይዘው ጭድ ተራ ውስጥ ሲሰወሩ እኔ ጋሼን በአዋጅ ላስፈልግ!» አለች ማሂራ።

«መምህሩ ዋስ ይሆኑኛል።» በእጄ ያለውን ጠመኔና ደብተር አይቶ ነው ሥራዬን ያወቀው።

«እኔ? ስምዎን እንኳ አላውቅም እኮ!»

«ይመር እባላለሁ። ይኸው አወቁኝ።»

ማሂራ ተስፋ ቆርጣ ጣራውን አየች። ከዚያ ሱቁን ለጎረቤቷ ለሀጅራ አደራ ብላ፣ ሁለቱን ካሜራዎች በራሷ ቦርሳ ከትታ፣ «ልሂድ፤ ዛሬ መብራትም የለ፣ ገበያም የለ» ብላ ወጣች። ሁለቱን ድንጋዮቼን ጥቁሯ ካሜራ ይዛቸው ስለሄደች፣ እኔም ድንጋዬን ተከትዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ድንጋዩ ሰበብ ነው። ሰውዬው ያችን ብረት እንዴት እንዳገኘ ሳልሰማ ቤቴ ብገባ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መንገድ ላይ «እርስዎ» እያልኩ ስጠይቀው አቋረጠኝ። «ኧረ አንተ በለኝ መምህር። አንቱታ ይከብዳል፤ እኔ ሸክም ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ይመር የወረኢሉ ሰው ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ በ1984፣ በሃያ አምስት ዓመቱ አዲስ አበባ ገብቶ እህል በረንዳ ኩንታል መሸከም ጀመረ። ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸከመ። ነጋዴዎቹ ዘንድ የታወቀው ግን በጉልበቱ ብቻ አልነበረም።

«መቶ ኪሎ ነው የተባለ ጤፍ ዘጠና ሰባት ከሆነ፣ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ አውቀዋለሁ» አለኝ፣ በጋሪና በሰው መሀል እየተሽሎከለከለ። «ሻጭና ገዢ ሲጣሉ ‹ይመርን አሸክሙት› ይባላል። ሚዛን አስጎትቶ ከማምጣት እኔን ማሸከም ይቀል ነበራ! ተሸክሜ ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ፣ ‹ሦስት ኪሎ ይጎድላል› እላለሁ፣ ጸቡ ያልቃል። በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት እጄም ትከሻዬም ዋሽተውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ ሸክሙን ለምን ተውከው?»

«እኔ አልተውኩትም፤ ወገቤ ነው የተወው።»

ወገቡ ሲሰበር፣ ጡረታ ከወጣ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ይቺን አንገቱ ላይ ያለችውን የፊልም ካሜራ ገዛ። ደንበኞቹ የትናንት ጓደኞቹ ሆኑ። ተሸካሚው ሁሉ አገር ቤት የሚልከው ፎቶ ይፈልጋል፤ ስቱዲዮ ለመሄድ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ይቀርበታል፣ ደግሞም ያፍራል። ይመር ያለበት ድረስ ይመጣለታል። ጫማ የማይታይበት ፎቶ እንደማይቀበሉም ነገረኝ።

«ለእናት የሚላክ ነዋ! ጫማው ካልታየ ‹ልጄ ባዶ እግሩን ነው› ብላ ታለቅሳለች። ጫማ የሌለው ከጓደኛው ተውሶ ይነሳል። አንድ ጥቁር ቆዳ ጫማ ስንት ሰው እግር ላይ አንስቼዋለሁ መሰለህ! ወረኢሉም ደርሷል፣ ሶዶም ደርሷል፣ ጎጃምም ደርሷል።»

ማሂራ ከፊታችን እየሄደች ሳቋ መጣ። «ብረቱን ይንገሯቸው እንጂ ጋሼ! መምህሩ እኮ ለእሱ ነው የመጡት።»

እንዴት እንዳወቀችብኝ እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጳጉሜን 1999፣ ከተማው ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ሲል፣ ይመርም ዲጂታል ካሜራ ልግዛ አለ። ጭድ ተራ ጥግ አንድ አዟሪ ሁለት ካሜራ አሳየው። አንዷን መዳፉ ላይ ሲመዝናት ላባ ሆነችበት። ሌላዋ ከበደች። ‹እጄ ዋሽቶኝ አያውቅም› ብሎ ከባዷን ወሰደ። ሳይከፍት፣ ሳያነሳ፣ መዝኖ ገዛ! በዘጠነኛው ቀን፣ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ ጭልም አለችበት።

«ጠጋኙ ሲፈታት በሙጫ የተለጠፈች ይቺ ብረት ወደቀች። ሌላው ሁሉ ፕላስቲክ። ጠጋኙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅኩም።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ፊልሙ ተመልሶ ነበር። አሁን ግን ፊልም ራሱ ከሱቅ እየጠፋ ነው፤ የሚያጥብለት ቤት ደግሞ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ፊልም አልቀበልም ብሎታል። በዚሁ ላይ የተሸካሚዎቹ ማኅበር ለአባላቱ ባጅ ሊያሠራ ሆነ። ከሰኞ በኋላ ባጅ የሌለው ተሸካሚ መጋዘን አይገባም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጃፋር ለይመር «የመቶ አርባ ሁለቱን ሰው ፎቶ እስከ ቅዳሜ ማታ አምጣ፤ ካላመጣህ ለስቱዲዮ እሰጠዋለሁ» ብሎታል። ያን ቀን ሐሙስ ነበር።

«ስቱዲዮው ከወሰደው በኋላ ለምን ወደ እኔ ይመጣሉ?» አለ። «መንገዱን ለመዱት ማለት ነው። በኪሴ ያለችው ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ደግሞ ለአረፋ አገሬ ልገባባት ያስቀመጥኳት ናት። ሁለተኛ ብሳሳት ሦስተኛ የለኝም። ስለዚህ ዛሬ ማንም አያጣድፈኝም፤ አንቺም ጭምር፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ! ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እየሰማሁ ነው!» አለች ማሂራ።

እህል በረንዳ ስንደርስ አንድ መጋዘን በር ላይ ቆምን። ውጭው ፀሐይ፣ ውስጡ ድንግዝግዝ። ከጭነት መኪና ጤፍ ይራገፋል። ይመር እንዴት እንደሚያነሳ አስረዳኝ። ተሸካሚን ቁም ብለህ ካነሳኸው ፊቱ እንደ በርበሬ ይደርቃል፤ ትንፋሹን ይይዛል፣ ዓይኑን ያፈጣል። ጥሩው ፊት የሚገኘው ኩንታሉን ከትከሻው ሲጥል ነው። ያኔ ቀና ይላል፣ «እፎይ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያው ዞሮ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል። ይመር የሚያነሳው እፎይ ሲል ነው። የፊልም ካሜራዋ በጣቱ ሲነካት ትተኩሳለች። ዲጂታሎቹ ይችሉ እንደሆነ ማየት የፈለገው ይሄንን ነበር።

መጀመሪያ ብርማዋን ወሰደ። ማሂራ እሷን እንዲገዛ ነው የምትፈልገው፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ያለችውን ለእሱ ሲባል ሺህ ዘጠኝ መቶ አድርጋለታለች። «ዐሥር ሜጋፒክስል ናት ጋሼ! የዝንብ ዓይን ታሳያለች።»

ጥጋቡ የሚባል አጭር ደንዳና ተሸካሚ፣ የይመር የድሮ ጓደኛ፣ ኩንታሉን ይዞ ገባ። ጣለ። ቀና አለ። «እፎይ!» ይመር ተጫነ። ብርማዋ ጥቂት አሰበች፣ ከዚያ ብልጭ አለች። ሦስታችንም መስታወቷ ላይ ተደፋን። ጤፍ የነሰነሰበት ሰፊ ጀርባ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ምን አነሳህ?» ብሎ ጥጋቡ ራሱ መጥቶ አየ። «ጀርባዬን ነው እንዴ ባጅ ላይ የምትለጥፈው?»

«ባለመጋዘኑ የሚያውቀው እሱን ነው። ፊትህን መች አይቶት ያውቃል!»

ተሸካሚው ሁሉ ሳቀ። «ሼባው ዓይኑ ፈዟል!» አለ ከመኪናው ላይ አንዱ።

ደገመ። እንደገና ጀርባ። ሠለሰ፤ አሁን የጆሮ ጫፍ ተገኘ።

«ትንሽ ቀድመው ይጫኑዋ!» አለች ማሂራ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው መቼ እፎይ እንደሚል ቀድሜ በምን አውቃለሁ? ቀድሜ ከተጫንኩ ኩንታሉ እላዩ ላይ ነው፤ ቆይቼ ከተጫንኩ ሄዷል።»

ብርማዋን መለሰላትና ጥቁሯን ጠየቀ። ሲይዛት እንደገና ከበደችው መሰለኝ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ግን ጥጋቡን ጠበቀ። ኩንታሉ ወደቀ፣ ጥጋቡ ቀና አለ፣ ብልጭ!

መስታወቷ ላይ ሰው ታየ። ግንባሩ ላይ ላብ፣ ቅንድቡ ላይ የጤፍ ብናኝ፣ አፉ ገርበብ ያለ፣ ከኋላው ፀሐይ ሆኖ ፊቱ ግን ያልጠቆረ ሰው። ጥጋቡ ካሜራዋን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዓይኑ አቀረባት።

«አባቴን መስያለሁ» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም «ጫማዬስ?»

«ለባጅ እኮ ነው፤ ባጅ ላይ ጫማ አይገባም!»

«እናቴ ባጅ አታውቅም። አንዷን እስከ እግሬ።»

ይመር አነሳው። ሌሎቹንም አከታትሎ ማንሳት ጀመረ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰው፣ ሁሉም ፊታቸው ይገባል። ጉብጠቱ የተቃና መሰለኝ። ሰባተኛው ላይ ካሜራዋ ሲጢጥ ብላ ጨለመች። ቢጫናት አትነሳም። እንደገና ቢጫናት አትነሳም።

እንዲህ ያለ የፊት ለውጥ አይቼ አላውቅም። አጠገቡ ካለ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሌላው ሰው ሳቁን አቆመ።

«ከብዳ ነበር» አለ በቀስታ። «ነግሬሽ ነበር፣ ከብዳ ነበር።» ካሜራዋን ለማሂራ ዘረጋላት። «ውሰጂ።»

ማሂራ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ብትቀበለው ብርማዋን ልትሸጥለት ትችል ነበር፤ እሱም ያን ሰዓት ምንም ቢሰጡት የሚወስድ ይመስል ነበር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለች። «የመምህሩ ድንጋይ ተራ ድንጋይ ነው። ለሬዲዮ ይሆናል፤ ካሜራ ግን ቶሎ ይበላዋል። ይነሱ ጋሼ፣ ይክፈቷት።»

አልተነሳም። ራሷ ከፍታ ድንጋዮቹን አወጣችና ባዶዋን ካሜራ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «በሉ አሁን ይመዝኑ።»

ይመር ከልምዱ የተነሳ ከፍ ዝቅ አደረጋት። ቆመ። እንደገና ከፍ ዝቅ አደረጋት። ከዚያ ድንጋዮቹን ተቀብሎ በሌላው እጁ መዘናቸው።

«ድንጋዩ ነው» አለ።

«ድንጋዩ ነው» አለች።

ዐሥር እርምጃ ከማይሞላ ርቀት ላይ ሲጋራና ማስቲካ የሚሸጥ መደብ ነበር። ማሂራ ሄዳ ጥሩውን ዓይነት ሁለት ድንጋይ ገዝታ መጣችና አስገባች። ካሜራዋ ሲጢጥ ብላ ተነሳች። ይመር ግን ወዲያው አላነሳም። ቀና ብሎ የመጋዘኑን አምፖል አየ፤ ጠፍቷል።

«የዚህ ሰፈር መብራት መቼ ነው?» ሲል ጥጋቡን ጠየቀው።

«ነገ። ቅዳሜ ደግሞ የለም።»

«ብርማዋ ባትሪዋ ቢያልቅባት፣ ቻርጅ የማደርገው ነገ ብቻ ነዋ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ብትጨልም አለቀ። ይቺ ብትጨልም መደቡ እዚያው ነው።» አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ካርድ አወጣ፤ ፎቶ የሚያትምለት ሰው «ማሽኔ የሚያነበው ይህን ዓይነት ብቻ ነው፤ የማይገባበትን ካሜራ እንዳትገዛ» ብሎ ያዋሰው ነው። በጥቁሯ ጎን አስገባት። ቀጭ ብላ ገባች።

ተነሳ። «ጥቁሯን ነው የምወስደው።»

«ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ።»

«ሺህ ሰባት መቶ።»

«ጋሼ! ሱቄን ዘግቼ፣ ጤፍ ለብሼ፣ ድንጋይ ገዝቼልዎት!»

«ሺህ ስምንት መቶ ይሁንና ድንጋዩ ምራቂ ይሁን» አልኩ እኔ። ዋስም አይደለሁ? ማሂራ ሁለታችንንም ገላመጠችና እጇን ዘረጋች። ብሩን ተቀብላ፣ የኔን ሁለት ድንጋዮች መለሰችልኝ። «ለሬዲዮዎ ገና ይሠራሉ መምህር። ሬዲዮ እንደ ካሜራ ሆዳም አይደለም» ብላ፣ ብርማዋን በቦርሳዋ ይዛ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ጥግ ላይ ስትደርስ ዞራ «ቅዳሜ ማታ ውጤቱን ይንገሩኝ!» ስትል ጮኸች።

እኔም ልሰናበተው ስል ይመር አላስኬደኝም። መጋዘኑ በር ላይ አቆመኝ። ትንፋሼን ያዝኩ መሰለኝ፣ «መምህር፣ ኩንታል የጣልክ ይመስል እፎይ በል» አለኝና፣ ስስቅ አነሳኝ። አሳየኝ። አቧራ የጠጣው ጫማዬ ሳይቀር ገብቷል።

«ይሄን የምልክለት ሰው አገር ቤት የለኝም እኮ» አልኩት።

«ለሚስትህ አሳያት። ሐሙስ ከሰዓት የት እንደዋልክ ማስረጃ ነው።»

ጨበጥኩት። እጁ ሻካራና ሙቅ ነበር። ያቺ ብረት ከቁልፉ ጋር ከኪሱ ሾልካ ተንጠልጥላ ስላየኋት፣ «ከአሁን በኋላማ ጣላት እንጂ፣ ያሳሳተህን እጅህን እያስታወሰችህ ምን ታደርግልሃለች?» አልኩት።

ይመር ብረቷን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ያን ልማዱን፣ ከፍ ዝቅ አደረጋት።

«እጄማ መች ተሳሳተ? ከባድ ናት አለኝ፤ ከባድ ነበረች። የከበደው ምኗ ነው ብዬ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። በል ደህና ዋል መምህር፤ ፀሐይዋ ሳትዞርብኝ ዛሬ ሠላሳ ሰው እጨርሳለሁ።»